የኮሌስትሮል ምርመራ አዲስ አበባ፦ ላብራቶሪው፣ ሁለቱ ክሊኒኮችና ፋርማሲው

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለፋሲካ የገባሁ ጊዜ ከታላቅ እህቴ ጋር ሙሉ ምርመራ አደረግን። አገር ቤት ሲገባ የሚመረመር ዲያስፖራ ብዙ ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቦሌ ያለው ላብራቶሪ ጎበዝ ነው። ጠዋት ደም ሰጥተን ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በቴሌግራም መጣ። የኔ ኤልዲኤል፣ ማለትም መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 142 ሆኖ በቀይ ተጽፏል። የእህቴ 96 ነው፤ ቀይ የለበትም።

ውጤቱን ይዘን የገባንበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ግን አናደደኝ። ሐኪሙ ያነበበው ወረቀቱን ብቻ ነው። ለኔ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት ጻፈልኝ፤ እህቴን «የእርስዎ ደህና ነው» ብሎ ሸኛት። እኔ 44 ዓመቴ ነው፤ ሲጋራ አላጨስም፣ ስኳር የለብኝም፣ ግፊቴ 118 በ76 ነው። እሷ 57 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት ቆይቷል፣ የግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ይህ ሁሉ አልተጠየቀም። ሶፋው ምቹ ነበር፤ ካርዱም ውድ።

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው ሁለተኛው ክሊኒክ ጠባብ ነው፤ ወንበርም አይበቃም። ወጣቷ ዶክተር ግን ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ጥያቄ ጀመረች። ግፊታችንን ራሷ ለካች። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመቷ በፊት የልብ ሕመም ይዟቸው እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሰንጠረዥ ከፈተች። ለምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ስሌት አለው፤ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሲጋራ፣ በግፊት፣ በስኳርና በኮሌስትሮል በ10 ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የመምጣቱን ዕድል ያሳያል። የደም ምርመራ በሌለበት ቦታ የሚያገለግልም አለው፤ እሱ ክብደትና ቁመትን ይጠቀማል።

የኔ ዝቅተኛ ስጋት በሚያሳየው ቀለም ላይ አረፈ። «ኤልዲኤልሽ 190 ቢደርስ ስሌት ሳልሠራ መድኃኒት እሰጥሽ ነበር፤ አሁን አያስፈልግሽም» አለችኝ። እህቴን ግን «እትዬ፣ ለርስዎ ነው የሚያስፈልገው» አለቻት። ስኳር ያለበት ከ40 እስከ 75 ዓመት ያለ ሰው ኤልዲኤሉ ብዙ ባይጨምርም ስታቲን ይመከርለታል። አሜሪካም መመሪያው ይኸው ነው። የጉበት ምርመራ አዘዘችላት፤ ውጤቱ ደህና ሲሆን አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ጀመረችላት።

ፋርማሲስቱም ምስጋና ይገባዋል። የሕንዱን ምርት ሰጥቶ አወሳሰዱን በአማርኛ ፖስታው ላይ ጻፈላት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የጡንቻ ሕመም ከመጣ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ቶሎ ወደ ሐኪም እንድትመለስም ነገራት። እህቴ የፈራችው ግን ሌላውን ነው፤ «ዶሮ ወጥ ተከለከልኩ ወይ?» አለችው። ሳቀና «ቅቤውን ቀነስ ያድርጉ» አላት።

ድጋሚ ምርመራው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ውጤቱን እኔም እዚህ ሆኜ በቴሌግራም አያለሁ። ወደ ሁለተኛው ክሊኒክ የምትሄዱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ። ዶክተሯ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ብዙ ስለምትቆይ ወረፋው አይንቀሳቀስም።