ልጄ አልበላ ብሎኝ ስጨነቅ ለደረሰችልኝ ሳይኮሎጂስት ምስጋና

ሰላም የጎንደር እናቶች፣ ይሄን ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ወር አለፈኝ። ልጄ በ5 ወሩ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ በአፍንጫው ቱቦ ገብቶለት ነበር እና ከዛ ወዲህ ማንኪያ ሲያይ አፉን ግጥም ያደርጋል፣ በግድ ካስገባሁበት ያስመልሰዋል፣ 8 ወር ሞልቶት 6.8 ኪሎ ነበር። ሰፈሩ መቼስ ሁሉም አዋቂ ነው፣ አንዷ እንጥሉ ወርዶ ነው አስቆርጪው ሌላዋ ዓይን ነው ትላለች (እንጥሉን አላስነካሁም ተመስገን)። ግን እኔም ደህና አልሰራሁም፣ እናቴ እጁን ትይዝልኛለች እኔ አጥሚቱን እግተዋለሁ፣ እሱ ያለቅሳል እኔም አለቅሳለሁ።

የህጻናት ሀኪሙ ጉሮሮውንም ደሙንም አይቶ ችግር የለበትም ብሎ ሳይኮሎጂስት ጋ ሲልከኝ ተናደድኩ፣ የ8 ወር ልጅ ምን ብሎ ሊያወራት ነው! ከአዘዞ በታክሲ እየተመላለስኩ 9 ጊዜ ሄድን። መጀመሪያ ቀን ስለ ምግብ አላወራችኝም፣ ሆስፒታል ያደርንበትን ሌሊት አስወራችኝ፣ ለካ እኔ ገና ከዛ ክፍል አልወጣሁም። ቀጥሎ ባሌ ስናበላው የቀረጸውን ቪዲዮ ድምጹን አጥፍታ አሳየችኝ፣ ልጁ ከማንኪያው በፊት የሚያየው የኔን ፊት ነው፣ ፊቴ ደሞ እንኳን ህጻን ትልቅ ሰው ያስደነግጣል።

እናቴን አምጫት ስትለኝ ፈራሁ፣ ሁላችንንም ግታ ነው ያሳደገችን። ሳይኮሎጂስቷ ግን አልወቀሰቻትም፣ "እማዬ እርስዎ ልጅ ሳይበላ ሲቀር ምን ይሰማዎታል" ብቻ አለቻት፣ እናቴ በ77 ልጅ ሆና ያየችውን ረሃብ አወራች፣ እኔ እስከዛ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ከዛ በኋላ እጅ መያዝ ቀረ። ምጥን ገንፎውን ፊቱ አስቀምጠን ያቦካዋል ፀጉሩን ይቀባዋል፣ ፊቱን ሲያዞር አቆማለሁ፣ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። ምን እና መቼ የኔ፣ ስንት ጉርሻ የሱ። የመጀመሪያው ሳምንት ሞቼ ነበር፣ ሀኪሙም በየሳምንቱ ይመዝነው ስለነበር ያለ ሀኪም ዝም ብላችሁ አትሞክሩት። አሁን 11 ወሩ ነው፣ 8 ኪሎ ገብቷል፣ እርጎ ግን አሁንም ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስላለችኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ስትሄዱ ስታበሉ የተቀረጸ ቪዲዮ ያዙ፣ ለካሜራ ግን አትሽቀርቀሩ።