ከፍሌር ጋን ጋር የሾትጋን አዳፕተር ጨምረው ሲሸጡላችሁ አትግዙ

አሜሪካ ውስጥ ጀልባ ለምትገዙ፣ በተለይ ቼሳፒክ ወሽመጥ ላይ ዓሣ ለምታጠምዱ ወገኖች ነው ይህን የምጽፈው። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ ያገለገሉ የጀልባ ዕቃዎች ሳይ አንድ ሻጭ ያወጣው ማስታወቂያ ዓይኔን ያዘው። ብርቱካንማ የፕላስቲክ ፍሌር ጋን (የጭንቅ ምልክት መተኮሻ ሽጉጥ)፣ ጥቂት ፍሌሮች (የሚነዱት ቀይ መብራቶች)፣ ከዚያ አንዲት አጭር የብረት ቱቦ። ቱቦዋን አፈሙዙ ውስጥ ስትከቷት አነስተኛውን የሾትጋን ጥይት፣ 410ን፣ ትተኩሳለች ይላል። «ሁለት በአንድ» ነው አሉ። ዋጋው ያጓጓል።

አትግዙት።

ፍሌር ጋን ሥራው አንድ ነው። ውሃ ላይ ጭንቅ ሲመጣ ቀይ ብርሃን ወደ ሰማይ መወርወር። በብዛት የሚሸጠው ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ሲሆን ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። የ12 ጌጅ ሾትጋን ጥይት ያለ ምንም አዳፕተር ሰተት ብሎ ሊገባበት ይችላል። ገባ ማለት ግን ሽጉጡ ይችለዋል ማለት አይደለም። ፍሌሩን የሚያስወነጭፈው ባሩድ ትንሽ ነው። የተለመደው የ12 ጌጅ ሾትጋን ጥይት ግን የተፈቀደለት ግፊት እስከ 11,500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይደርሳል። የመኪናችሁ ጎማ 35 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ፕላስቲክ ይያዘው?

ሻጩ «ብረቱ ይችለዋል» ይላል። እሺ፣ ቱቦዋ ቻለችው እንበል። የጥይቱ ቂጥ የሚደገፈው ግን የሽጉጡ ጀርባ ላይ ነው፣ እሱም ፕላስቲክ። ባሩዱ ሲነድ እርሳሱን ወደ ፊት፣ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋል። መቀርቀሪያው ከለቀቀ ቱቦዋ ራሷ ወደ ተኳሹ ትመጣለች። እጅና ዓይን ያሉት እዚያው ነው። «ሞከርኩት፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው አይጠፋም። በመጀመሪያው ተኩስ ውስጡ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ከውጭ ደህና ሊመስል ይችላል። ሁለተኛውን ማን ይተኩስ?

ሕጉም አለ። ፍሌር ጋን ብቻውን በፌዴራል ሕግ እንደ ጦር መሣሪያ አይታይም። ከእንዲህ ዓይነት አዳፕተርና ጥይት ጋር ከተያዘ ግን ያልተመዘገበ መሣሪያ ተብሎ እስከ 10 ዓመት እስር ሊያመጣ ይችላል። ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ደግሞ የጦር መሣሪያ ጥፋተኝነት ከሀገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

በዚያ ላይ የፍሌሮቹ ቀን ፎቶው ላይ አይታይም። የባሕር ፍሌር ከተመረተ 42 ወር ካለፈው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች (ኮስት ጋርድ) እንደ ደህና ፍሌር አይቆጥሩላችሁም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚወጣው ለአሮጌ ፍሌርና ለአደገኛ ቱቦ ነው።

አዲስ፣ ቀኑ ያላለፈ፣ ለሽጉጡ የተሠራ ፍሌር ግዙ። እሳት የማትወዱ ከሆነ ጠረፍ ጠባቂዎቹ የሚቀበሉት ኤስኦኤስ (የድረሱልኝ ምልክት) የሚያበራ የኤሌክትሪክ መብራት አለ፤ ለቀን ደግሞ ብርቱካንማው ባንዲራ ይጨመርበታል። ቤታችሁ ሾትጋን ካለ ጥይቱንና ፍሌሩን አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ። በጨለማ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

ያገለገለ ጀልባ የገዛችሁም ፍሌር የሚቀመጥበትን ሳጥን ከፍታችሁ እዩ። ያረጀ ፍሌር ካገኛችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ የአካባቢያችሁ እሳት አደጋ የት እንደሚረከቡት ይነግራችኋል።