ሰርቨሩ ጠፍቶ ግራፉ ይሄዳል፦ «ሪል ታይም ሞኒተሪንግ» የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

«የሰርቨራችሁን ጤንነት በሪል ታይም እናሳያችኋለን» እያሉ ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩትን ታውቋቸዋላችሁ። ሱፍ፣ ስላይድ፣ የሚያብረቀርቅ ብሮሸር፣ ከዚያ የዓመቱ ክፍያ በቅድሚያ። እኛም ጋ መጡ። የአውቶቡስ ትኬት በኦንላይን የሚሸጥ ሲስተም ነው ያለን፤ የሚሠራው ቶምካት ላይ ነው፤ የጃቫ ዌብ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሰርቨር። አለቃዬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቅ ስክሪን ሲያይ ዓይኑ እዚያው ተተክሎ ቀረ። ፕሮፎርማ፣ ፊርማ፣ ቼክ። አለቀ።

ስክሪኑ ያምራል፤ አልዋሽም። ሲፒዩ፣ ሂፕ ሜሞሪ (የጃቫው ፕሮግራም የሚሠራበት ሜሞሪ)፣ የትሬድ (የደንበኛን ጥያቄ የሚያስተናግድ የሥራ መስመር) ብዛት፣ ሁሉም ከፍ ዝቅ ይላል። ሁሉም አረንጓዴ ነው።

ለበዓል ሰው ወደየአገሩ በሚጎርፍበት ሰሞን ሲስተሙ ቀጥ አለ። ደንበኛ ብሩ ይቆረጣል፤ ትኬት የለም። ስልኩ አላባራ አለ። ቀና ብዬ ስክሪኑን ባይ አረንጓዴ! ደወልኩላቸው። «ከኛ በኩል ኖርማል ነው፤ ኔትወርካችሁን እዩ» አለኝ ልጁ እያዛጋ።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። በጄስታክ፣ እያንዳንዱ ትሬድ ምን ላይ እንዳለ በሚያሳየው የጃቫ መሣሪያ፣ ትሬዶቹን አውጥቼ አየሁ። ቶምካት ሲጫን የሚፈቅዳቸው 200 ትሬዶች በሙሉ ተይዘዋል፤ የዳታቤዝ ኮኔክሽን ይጠብቃሉ። የዳታቤዝ ኮኔክሽኖቹን ይዞ የሚያውሰው የሂካሪ ፑል ደግሞ እንደነበረ የተተወ ነው፤ 10 ኮኔክሽን ብቻ። ወረፋው ገና መርዘም ሲጀምር እንዲጮህልን ነበር የከፈልናቸው።

ፑሉን አሳድጌ ለማስነሳት ቶምካቱን አጠፋሁት። ፕሮሰሱ የለም። ፖርቱ ዝግ ነው። ስክሪኑን አየሁ። ግራፉ ይሄዳል። የሌለ ሰርቨር ትሬድ ይቆጥራል፤ ሂፑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ምናልባት ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ሪፍሬሽ አደረግኩት። ያለፈው አንድ ሰዓት ራሱ ሌላ ቅርጽ ይዞ መጣ! ያለፈ ሰዓት እንዴት ይቀየራል?

ለኛ የሰጡን ማየት ብቻ የሚችል አካውንት ነው፤ «ለሴኪዩሪቲ» ብለው። ግራፎቹን የሚስለው ፕሮግራም፣ ግራፋናው፣ ግን የተጫነው በኛው ማሽን ላይ ነው። ዩዘር አድሚን፣ ፓስወርድ አድሚን ብዬ ሞከርኩ፤ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ነው። ተከፈተ። (ሴኪዩሪቲያቸው እንግዲህ ይሄ ነው።) የመጀመሪያውን ፓነል ኤዲት አልኩት። ዳታ ሶርሱ «ቴስት ዳታ» ይላል። ሥሩ «ራንደም ዎክ»። ለመለማመጃ ተብሎ በዘፈቀደ ቁጥር የሚፈለፍል ነገር ነው። ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ያው። ሁሉም ያው። ከሰርቨራችን ቁጥር የሚሰበስብ አንድም ነገር አልተጫነም።

መልሼ ደወልኩ። ወደ «ኢንጂነሩ» አስተላለፉኝ። «የኔ እህት፣ ይሄ ትንሽ ቴክኒካል ነው። እዚያ ኢንጂነር ካለ አገናኚኝ» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ አጠገቡ ላለው ሰው «አድሚኑን ከፍታዋለች» ሲል ሰማሁት። ተመልሶ ድምፁን አሳመረና «ያው ዴሞው ነው። ዋናው ኢንተግሬሽን ሁለተኛው ፌዝ ላይ ነው፤ ውሉን አንብቢው» አለ። አነበብኩት። እውነትም ሁለተኛ ፌዝ የሚል አለ፤ ለብቻው የሚከፈልበት። ይባስ ብሎ «ያለፈቃድ አድሚን ገብተሻል» ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። በራሳችን ማሽን!

ብራችንን በደብዳቤ ጠይቀናል። እስካሁን ዝም ብለዋል። እኔ ከሰርቨር ቁጥር የሚሰበስበውን ፕሮሚቴየስን ከግራፋናው ጋር ራሴ አገናኘሁት፤ ሁለቱም በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ጄስታክማ ከጃቫው ጄዲኬ (የፕሮግራመሮች ጥቅል) ጋር አብሮ ይመጣል።

ሊሸጡላችሁ ከመጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነሱ ባሉበት የቴስት ሰርቨራችሁን አጥፉና ግራፉን እዩ። በየስንት ሰከንዱ እንደሚሰበስብም ጠይቁ፤ ፕሮሚቴየስ እንኳ በየስንቱ እንደሚሰበስብ ኮንፊጉ ላይ ካልተጻፈለት በ1 ደቂቃ አንዴ ነው። የአድሚን ፓስወርዱን ደግሞ ቼኩ ከመውጣቱ በፊት ተቀበሉ።