ለስላሳ የዓሣ ማባበያ በቤት ውስጥ መሥሪያ ኪት፦ ከሦስት ወራት አጠቃቀም በኋላ

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባስ የተባለውን ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ለማባበያ የሚሆን ለስላሳ የፕላስቲክ ትል በየጊዜው መግዛት ቀላል የማይባል ወጪ ነው፤ ከድንጋይና ከውኃ ሣር ጋር እየተያዘ የሚቀረው ብዙ ነውና። ስለዚህ የአሉሚኒየም ቅርጽ ማውጫ፣ መርፌ መሰል መግፊያ፣ ቀለምና ፕላስቲሶል የተባለ፣ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ፕላስቲክ የሚሆን ፈሳሽ የያዘ ኪት ገዛሁ።

ቅርጽ ማውጫው የሚያስመሰግን ነው። በትሉ ሰውነት ላይ ያሉት ቀለበቶች አንድ በአንድ ተለይተው ይወጣሉ፤ ቀጭኑ ጅራትም ውኃ ውስጥ በትንሽ ጉተታ ይርገበገባል።

ፕላስቲሶሉ ሲቀዳ እንደ ወተት የነጣ ሲሆን፣ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጠርቶ እንደ ቀጭን ማር ይሆናል፤ ሙቀቱ ካነሰ ትሉ ይበጣጠሳል፣ ከልክ ካለፈ ደግሞ ፈሳሹ ቢጫ ሆኖ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይለቃል። ኪቱ ቴርሞሜትር አለማካተቱን እንደ ትልቅ ጉድለት የማየው ለዚህ ነው። መመሪያውም ስለ እርጥበት አንዲት ቃል አይናገርም፤ ታጥቦ በደንብ ባልደረቀ ቅርጽ ማውጫ ላይ ሳፈስ የጋለው ፕላስቲክ ፈንጥቆ የእጄን አንጓ አቃጥሎኛል። ጓንት፣ የዓይን መከላከያና አየር በደንብ የሚገባበት ቦታ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ምግብ የሚሞቅበትን ማይክሮዌቭም ለዚህ ሥራ ማዋል ፈጽሞ አይገባም።

የተቀደዱትን ትሎች አጥቤና አድርቄ እንደገና ማቅለጥ መቻሌ ግን ዋጋውን አካክሶልኛል። ቴርሞሜትር ለብቻው ለሚገዛ ሰው ኪቱን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ትናንሽ ልጆች ባሉበት ጠባብ አፓርታማ ለሚኖር ግን አልመክርም።