ኔሽንስቴትስ፦ የምናብ አገሮች ሕግ የሚጻፍበት ጨዋታ

ኔሽንስቴትስ አውስትራሊያዊው ደራሲ ማክስ ባሪ ልብ ወለዱን ለማስተዋወቅ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 በድረ ገጽ ላይ ያወጣው ጨዋታ ነው። መጽሐፉን ያላነበቡ ሰዎች ሳይቀሩ ዛሬም ድረስ ይጫወቱታል። ተጠቃሚው የራሱን አገር ይመሠርታል፤ ስም፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ገንዘብና መሪ ቃል ይመርጥለታል፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚቀርቡለትን አገራዊ ጉዳዮች እየወሰነ ያስተዳድረዋል። በዚህ ግምገማ የምመለከተው ጨዋታው ሕግን የያዘበትን መንገድ ብቻ ነው። የምናብ ዓለም የሚፈጥሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ለጦሩ፣ ለካርታውና ለነገሥታቱ የዘር ሐረግ ሲሆን፣ በዚያ ዓለም አንድ ሰው ንብረቱን ቢቀማ ለማን አቤት እንደሚል የሚያስቡት ጥቂቶች ናቸው። ኔሽንስቴትስ ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ለማንሳት ዕድል ይሰጣል፤ ዕድሉ የሚገኘው ግን ብዙዎች በሚጠብቁት ቦታ አይደለም።

በአገር ደረጃ ያለው አሠራር ቀላል ነው። አንድ ጉዳይ ይቀርባል፤ ለምሳሌ ዜጎች ድምፅ እንዲሰጡ ይገደዱ ወይስ አይገደዱ፣ የሞት ቅጣት ይኑር ወይስ ይቅር የሚል። የተለያዩ ሰዎች እየተነሡ አቋማቸውን ያሰማሉ፤ ተጠቃሚው ከመካከላቸው የአንዱን ሐሳብ ይቀበላል ወይም ጉዳዩን እንዳለ ይተወዋል። የጉዳዮቹ ብዛት ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆን፣ አብዛኞቹን የጻፉት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ናቸው፤ ከመውጣታቸው በፊትም በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ያርሟቸዋል። ውሳኔው እንደተሰጠ የአገሪቱ የዜጎች መብት፣ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ነፃነት መለኪያዎች ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፤ መንግሥቱም በእነዚህ በሦስቱ ጥምረት መሠረት ከ27 ዓይነቶች በአንዱ ይመደባል።

የጨዋታው ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሳኔው ሕግ የሚሆነው ያለ ረቂቅ፣ ያለ ክርክርና ያለ ምክር ቤት ነው፤ በፖለቲካ ነፃነት ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው አገር እንኳ የምትተዳደረው በአንድ ሰው ምርጫ ነው። ትላንት የታወጀውን መብት ዛሬ በተቃራኒው ውሳኔ መሻር ይቻላል፤ ይህን የሚያግድ ሕገ መንግሥትም ሆነ የሚሽር ፍርድ ቤት የለም። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የሕጉ ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። በአገሪቱ ገጽ ላይ የሞት ቅጣት መኖሩ ይገለጻል፤ ለየትኛው ወንጀል እንደተደነገገ፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚወስነው፣ ይግባኝ ይባልበት እንደሆነና ምሕረት የማድረግ ሥልጣን የማን እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። ጽሑፍ የሌለው ሕግ ደግሞ ሊተረጎም አይችልም። በዚህም የተነሣ በተጠናቀረ ሕግ የሚመራ አገርና በቀደምት ፍርዶች ላይ የሚመሠረት አገር በመለኪያዎቹ ዘንድ አንድ ናቸው።

ክፍተቱን የሚሞሉት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ አገር ስለ ራሱ የሚጽፍበት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ከዘርፎቹም አንዱ ለሕግ የተለየ ነው። እዚያ የሚገኙት ጽሑፎች ጥራት በጣም ይለያያል። ብዙዎቹ ስለ ነፃነትና ስለ እኩልነት በሚናገር ረጅም መግቢያ ይጀምሩና ዳኛው ማን እንደሆነ ሳይናገሩ ያልቃሉ። ጥሩዎቹ ከተቋማት ይነሣሉ፦ ዳኞችን ማን ይሾማል፣ ከሥልጣን የሚነሡት በምን ምክንያት ነው፣ የበላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ትርጉም የበታቹን ያስገድዳል ወይ? እኔ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ በዚያ አገር አንድ ዜጋ በሌሊት ከቤቱ ቢወሰድ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል? ለዚህ መልስ ያለው ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽ ብቻ ቢሆንም፣ መልስ ከሌለው መቶ አንቀጽ ይበልጥብኛል።

ጨዋታው በእውነት የሚያኮራው ክፍል አባል አገሮች የጋራ ሕግ በድምፅ የሚያወጡበት የዓለም ጉባኤው ነው። ይህ ተቋም መጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታትን ስም ይዞ ነበር፤ እውነተኛው ድርጅት ስሙ እንዳይጠቀስ በመጠየቁ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሁኑን ስም ያዘ። በዚያው ወቅት የቀድሞዎቹ የውሳኔ ሐሳቦች ሁሉ ወደ ታሪክ መዝገብ ገቡ፤ ቁጥሩም ከአንድ ተጀመረ። አንድ የሕግ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ቆሞ ሌላ እንደ አዲስ ሲመሠረት፣ ምን ይቅር ምን ይመለስ የሚለውን ተጠቃሚዎቹ በተግባር ሊወስኑት የግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በሌላ ጨዋታ ውስጥ መኖሩን አላውቅም።

አባል መሆን በፈቃድ ነው፤ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል አገሮች ሊኖሩት ቢችልም በጉባኤው አባል ማድረግ የሚችለው አንዱን ብቻ ነው። አገሮቹ ቀጠና በሚባሉ ቡድኖች ይሰባሰባሉ፤ በየቀጠናው ያሉ የጉባኤው አባላትም በድጋፋቸው አንድ ልዑክ ይመርጣሉ። የውሳኔ ሐሳብ ረቂቅ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ከእነዚህ ልዑካን መካከል የ6 በመቶውን ይሁንታ ማግኘት አለበት። ከጸደቀ በኋላ ግን በተቃወሙትም አባላት ላይ ይጸናል፤ መለኪያዎቻቸውም ወዲያውኑ ይለወጣሉ፤ ከግዴታው ለማምለጥ ያለው መንገድ ከአባልነት መውጣት ብቻ ነው።

የሕግ አረቃቅን ለሚወድ ሰው የጉባኤው ደንቦች ራሳቸው ትምህርት ናቸው። የጸደቀን ውሳኔ ማሻሻል አይቻልም፤ መጀመሪያ መሻር፣ ከዚያ አዲስ ማቅረብ ያስፈልጋል። የሻሪው ውሳኔ ጽሑፍ አዲስ ድንጋጌ ሊይዝ አይችልም። አንድ ውሳኔ ሕልውናው በሌላ ውሳኔ ላይ እንዲንጠለጠል ሆኖ መጻፍም ክልክል ነው፤ ምክንያቱም የተደገፈበት ነገ ቢሻር እሱም ትርጉም ያጣል። ረቂቆች ደንቡን መጠበቃቸውን ከተጠቃሚዎች የተውጣጣ ቡድን ይመረምራል። አስቸጋሪነቱን ለማየት የሕፃናትን ጉልበት የሚከለክል ረቂቅ ማሰብ ይበቃል። ከአባል አገሮቹ አንዳንዶቹ ዜጎቻቸው ሰዎች እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም ሌላ ዓይነት ፍጡራን ወይም ማሽኖች እንደሆኑ አድርገው ስለሚጽፉ፣ «ከ18 ዓመት በታች» የሚል አንቀጽ አሥር ዓመት ብቻ የሚኖረውን ዜጋ ዕድሜውን ሙሉ ሕፃን ያደርገዋል። አርቃቂው ስለዚህ ቁጥሩን ትቶ የአካልና የአእምሮ ብስለትን መለኪያ ሊያደርግ ይገደዳል፤ ይህን ሲያደርግ ደግሞ ብስለቱን የሚወስነው አባል አገሩ ከሆነ ክልከላው ባዶ እንደሚቀር ይደርስበታል።

በድምፅ አሰጣጡ ላይ ቅሬታ አለኝ። የልዑካን ድምፅ ክብደት በቀጠናቸው ካሉ አባላት ባገኙት ድጋፍ ልክ ስለሚጨምር፣ ትልልቆቹ ቀጠናዎች ገና ከጅምሩ ወዳጋደሉበት ሌላው ይከተላል፤ ጽሑፉ በጥንቃቄ ሳይነበብም የሚጸድቅበት ጊዜ አለ።

ቀጠናዎቹ ራሳቸውም የሕግ ሥርዓት አላቸው። ሰሜን ፓሲፊክ የተባለው ትልቅ ቀጠና ሕገ መንግሥት፣ የመብቶች ሰነድ፣ ሕግ አውጪ ጉባኤና ፍርድ ቤት አለው። የጨዋታው ሶፍትዌር ግን ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም፤ አባልን የማባረርና የመከልከል ቁልፍ ያለው በልዑኩ እጅ ነው። ፍርድ ቤቱ የልዑኩን ድርጊት ሕገ ወጥ ነው ሲል ውሳኔውን የሚያስፈጽምለት ኮድ የለም፤ ልዑኩ ለሕጉ መገዛት አለብኝ ብሎ ማመኑ፣ ካላመነም ሌሎቹ ድጋፋቸውን ማንሣታቸው ብቻ ነው። ሥልጣን በኃይል የተያዘባቸው ቀጠናዎች አሉ፤ ለረጅም ዓመታት ሕጋቸውን አክብረው የኖሩም አሉ። ሕግ ከምን ኃይል እንደሚያገኝ ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ሕያው ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

ጨዋታው በነፃ ይገኛል፤ አብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነም በደካማ ኢንተርኔት ይሠራል። ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ የጉባኤውን ረቂቆች ለመከታተል የሕግ እንግሊዝኛ መልመድ ያስፈልጋል። ለ28 ቀናት ያልተጎበኘ አገር ስለሚጠፋ፣ ረጅም ሕግ የጻፈ ሰው ቅጂውን በሌላ ቦታ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። አዲስ ገቢዎች የአገራቸውን ውሳኔ ከመስጠት ጎን ለጎን በድምፅ ላይ ያለውን የውሳኔ ሐሳብ ከነመግቢያው እያነበቡ ቢጀምሩ እመክራለሁ። አዘጋጆቹ አንድ ነገር ብቻ ቢጨምሩ የምመርጠው፣ ተጠቃሚው በአገሩ ላይ የሚወስነው እያንዳንዱ ውሳኔ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከሻረው ቀዳሚ ውሳኔ ጋር ተያይዞ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው።