አድዋን የት እናክብር? ፒያሳ በእግር ወይስ እንጦጦ ከመኪናና ከድንኳን ጋር

ፉከራውን፣ ቀረርቶውንና ሕዝቡን የፈለገ ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ይውጣ። የካቲት 23 ሌላ ቦታ ይህን ድምቀት አያገኝም። መኪና ግን አይታሰብ፤ መንገዱ በጠዋት ይዘጋል። ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግር መውጣት ነው። ፍተሻ ስላለ ቦርሳው ይቅለል፦ ውሃ፣ ኮፍያ፣ ነጠላ።

እንጦጦ ዝግጅት ይጠይቃል። ለማደር የታሰበው ቦታ ድንኳን መትከል የሚፈቀድበት መሆኑ አስቀድሞ ይጠየቅ። ከፍታው 3000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ ብቻውን አይበቃም፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ ይነጠፍ። ዋናው ስጋት እሳት ነው። በየካቲት የባሕር ዛፍ ቅጠል ደረቅ ነው፣ ዘይትም አለው፤ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ከሰል ማንደጃው ባዶ አፈር ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያው 2 ሜትር ያህል ይጠረግ፤ 5 ሊትር ውሃ አጠገቡ ይቁም። ትልቅ ባንዲራ ድንኳኑ ላይ አይታሰር፦ ነፋስ ሲይዘው ካስማውን ይነቅለዋል። ለብቻው እንጨት ላይ ሰቅሎ ከመኪናው ጋር ማሰር ይሻላል። ቀኑ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ለስንቅ ይመቻሉ።

ልጆች ካሉ ምርጫችን ፒያሳ ነው፤ ወደ እንጦጦ ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት መውጣት ይቻላል።