ምርመራ ለወደቀው ቤታችን የደረሱልን ኤሌክትሪሺያን

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ደግሞም ቤቱ የኤሌክትሪክ ደህንነት ምርመራ ወድቆበት፣ ወረቀቱን ይዞ «አሁን ማንን ልጥራ?» ለሚል ሰው ጥቆማ እንዲሆን ነው።

ቤቱ የቤተሰብ ቤት ነው። ፎቁን ለማከራየት አስበን፣ ሰው ከመግባቱ በፊት መርማሪ ጠራን። ሊገቡ የነበሩት ባልና ሚስት ድክ ድክ የምትል ልጅ አለቻቸው። ውጤቱ «አላለፈም» የሚል ሆኖ መጣ። ከሥሩ የተዘረዘረው ለእኛ ባዕድ ነበር። የኧርዝ መቋረጥ፣ የኢንሱሌሽን ማነስ፣ ከሽቦው አቅም በላይ የሆነ ብሬከር፣ የአርሲዲ አለመኖር። መብራቱ ይበራል፣ ምድጃው ይሠራል። እናቴ «ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የዚህ ቤት ሽቦ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት» አለን። አንድ ሶኬት እንኳ አልፈታም። በእርግጥ ሙሉ ቅያሪ የሚያስፈልጋቸው ቤቶች አሉ። የሽቦው ልባስ ደርቆ ሲነኩት የሚረግፍ ከሆነ እዚህም እዚያም መጠጋገን ትርፉ ድካም ነው። ግን ይህ ሳይለካና ሳይታይ የሚወሰን ነገር አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰው አፈላለግን። ጎረቤታችን እኚህን ሰው ጠቆመችን።

ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፤ በየቦታው እንዲጻፍ አይወዱም። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት ገና ሳይመጡ ነው ማለት ይቻላል። በስልክ «ልጄ፣ ሪፖርቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሁሉንም ገጽ» አሉኝ። ከዚያ ጥያቄ አከታተሉ። ብሬከሩ የሚወርድበት ጊዜ አለ? የሚነዝር ዕቃ አለ? የሚሞቅ ወይም የሚሸት ሶኬትስ? ቤቱ ላይ በኋላ የተቀጠለ ክፍል አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ ያኔ አልገባኝም። ሥራው ሲያልቅ ግን ገባኝ። ከጥፋቱ አብዛኛው የተገኘው በኋላ በተቀጠለው በኩል ነው። ዋናው ቤት የተሠራበት ሽቦ ደህና ነበር።

ሲመጡም ካቻቢቴ ከማውጣታቸው በፊት ሜይኑን አወረዱ። ሳጥኑን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ መለኪያቸውን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሚያውቁት ቦታ ሞከሩት። ቀጥለው የሚሠሩበትን መስመር ለኩ። ከዚያ ተመልሰው መጀመሪያ በሞከሩበት ቦታ ደገሙት። ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው «መለኪያው ራሱ ተበላሽቶ ዜሮ ቢያሳየኝስ?» አሉኝ። አብሯቸው ያለው ወጣት ረዳትም ያንኑ ሲያደርግ አየሁት። ጋሼ ሳያዩትም ጭምር። እኔን በጣም ያሳመነኝ ይህ ነው። አለቃው ዞር ሲልም የማይቀር ጥንቃቄ ከሆነ፣ በደንብ የተማሩት ነው።

አሁን ስለጥፋቶቹ ልንገራችሁ። ሌላ ቤት ውስጥም ሊኖሩ ስለሚችሉ ዘርዘር አደርጋለሁ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የኩሽናው ሶኬት ነው። ወደዚያ የሚሄድ የኧርዝ ሽቦ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው፣ ጭራሹን አልነበረም። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው፣ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ሶኬቱ ውስጥ በአጭር ሽቦ ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር አገናኝቶት ነበር። ጋሼ ፈትተው አሳዩኝ። በርካሽ መሞከሪያ ብትሞክሩት «ኧርዝ አለው» ይላችኋል። ግን የኒውትራሉ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ፣ ፌዙ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት መስመር) በዕቃው ውስጥ አልፎ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል የዕቃው ብረት ላይ ይወጣል። ማቀዝቀዣውን ወይም ልብስ ማጠቢያውን የነካ ሰው በቀጥታ ይያዛል። ኧርዝ የሌለው ሶኬት አደገኛ ነው፤ ኧርዝ ያለው የሚመስል ሶኬት ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰው አምኖ ይጠቀምበታል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ጀምሮ አዲስ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ጎትተው አመጡለት።

የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የኧርዝ ሽቦው አለ፤ ቦይለሩ ላይም በትክክል ታስሯል። ግን ከበላዩ ባለው ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ሽቦዎቹ ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው ነበር። ናስትሮው ደርቆ ሲለቅ ኧርዙ ተላቀቀ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። የተገኘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለክቶ ነው። ጋሼ ቦታውን በሞርሴቶ (በሽቦ ማያያዣ) አሠሩና እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ሳብ አድርገው ፈተኑት። ሌሎቹንም ስካቶላዎች በሙሉ አስከፈቱ፤ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነበር። «አንዱን እንዲህ ያሠረ ሰው ሌላውን በደንብ ያሥራል ብዬ አላምንም» አሉ። ልክ ነበሩ።

የላላ መጋጠሚያ ምን ያህል ክፉ እንደሆነም ያስረዱን እዚያው ነው። አምፔሩ በእጥፍ ሲጨምር፣ የላላው ቦታ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 4 እጥፍ ይሆናል። ብሬከሩ ደግሞ ይህን አያውቅም። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስላልጨመረ አይወርድም፤ ሶኬቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። ሳሎን ያለው ዲቫይደር የሚሰካበት ሶኬት ጀርባው ጠቁሮ ተገኝቷል። እጃችሁን ሶኬት ላይ ስታደርጉ ሞቅ ካላችሁ፣ አትለፉት።

ቶሎ የተስተካከሉም ነበሩ። በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ተቀምጦ ነበር፤ በ16 ተተካ። ብሬከር ሽቦውን ከመጋል የሚጠብቅ ነው፤ ከሽቦው አቅም ከበለጠ ሽቦው ይቀድመዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነበር። መብራቱ ጠፍቶም አምፖል ማቀፊያው ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። አምፖል የሚቀይር ሰው አጥፍቻለሁ ብሎ እጁን ይሰዳል። ይህም ተገለበጠ።

ብዙ ጊዜ የወሰደው አርሲዲው ነው። የጋሼን ሙያ በደንብ ያየሁትም እዚህ ላይ ነው።

እናቴ «ብሬከር እያለ ይሄ ደግሞ ለምን?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ቁጭ ብለው አስረዷት። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ማለት በሚሊ አምፔር ሲቆጠር 16,000 ነው። ለሰው ጥበቃ የሚገጠመው አርሲዲ ግን የሚቆርጠው በ30 ሚሊ አምፔር ነው። ሰውን ለመግደል የሚበቃ ኤሌክትሪክ ለብሬከሩ ምንም አይደለም። አርሲዲ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይጠብቃል። ልዩነት ካለ ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ሰውነት በኩል፣ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ይቆርጣል። አንድ ሰው ፌዝና ኒውትራልን አንድ ላይ ቢይዝ ግን ልዩነት ስለማይኖር አያድንም። ይህንንም ሳይደብቁ ነገሯት። «ሁሉን ያድናል ብዬ ብዋሽሽ ትዘናጊያለሽ» አሏት።

ሁለት አርሲዲ ገጠሙ። ሁሉንም በአንድ ብናደርገው፣ አንድ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይጨልማል ብለው ነው። ገጥመው ሲጨርሱ አንደኛው ወዲያው ወረደ። ቢያነሱት ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገውን ሰምቻለሁ። «ዕቃው አይረባም» ተብሎ ይነቀልና በቀጥታ ይገናኛል። ጋሼ ግን ደስ አላቸው ማለት ይቻላል። «ይኸው፣ የተደበቀውን ነገር ነገረን» አሉ። ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ተነቀለ፣ አምፖሎች ወጡ። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር በ500 ቮልት መለኪያ ኢንሱሌሽኑን (የሽቦው ልባስ ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ መከላከሉን) ለኩት። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ያ መስመር አያልፍም። የውጭው መብራት መስመር ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር አሳየ። መብራቱ ሲፈታ ውስጡ ውሃ አቁሯል። ዝናብ በላላው ጎማ በኩል እየገባ ነበር። ሪፖርቱ ላይ «የኢንሱሌሽን ማነስ» የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛው ሰውዬ የቤቱን ሽቦ ሁሉ ሊያስነቅለን የነበረው በዚህ አንድ መብራት ምክንያት ነው።

በዚህ አላበቃም። ማታ ላይ የደረጃው መብራት ሲበራ አርሲዲው እንደገና ወረደ። ኢንሱሌሽኑ ተለክቶ ደህና ነው። ጋሼ እስከ ምሽት ቆዩ፣ ራት ሰዓት አልፏቸው። በመጨረሻ ያገኙት፣ የደረጃው መብራት ፌዙን ከታች ቤት መስመር፣ ኒውትራሉን ደግሞ ከፎቁ መስመር ይወስድ እንደነበር ነው። በአንዱ አርሲዲ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፤ ስለዚህ ሁለቱም ልዩነት ያያሉ። ይህ አደጋውም ቀላል አይደለም። የፎቁን ብሬከር አውርዶ የሚሠራ ባለሙያ፣ ከታች ቤት በሚመጣ ኤሌክትሪክ ሊያዝ ይችል ነበር። ጋሼ ይህን ሲያገኙ ስለራሳቸው አላወሩም። ለረዳታቸው ነው ያወሩት፤ «ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ሠራተኛ አስበህ ሥራ» አሉት።

ስለ ክፍያው ቁጥር አልጠቅስም። አሠራራቸውን ግን ልናገር። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱ ጥፋት በየፊናው ተጽፎ፣ ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ተሰጠን። የትኛው አሁን መሠራት እንዳለበትና የትኛው መቆየት እንደሚችል ለይተውልናል። አዲስ ነገር ሲገኝ ሳይጠይቁን አልነኩም። የተረፈው ሽቦ ተጠቅልሎ ተመልሶልናል።

ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት የሽቦው መንገድ ፎቶ ተነሳ። ብሬከሮቹ ላይ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ተጻፈ፤ ከዚህ በፊት የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የሁሉም መስመር ልኬት በወረቀት ተሰጠን። አርሲዲው በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚቆርጥ ሳይቀር። በ30 ሚሊ አምፔር ቢበዛ በ300 ሚሊ ሰከንድ መቁረጥ ይጠበቅበታል፤ የእኛዎቹ ከዚያ በብዙ ፈጥነዋል። መርማሪው ተመልሶ ሲመጣ ጋሼ አብረው ቆሙ። የሁለቱ ልኬት ተቀራራቢ ሆነ። ቤቱ አለፈ።

ሁሉም ነገር እንከን አልነበረውም። ሥራው መጀመሪያ ከተባለው ጊዜ በላይ ሄዷል። ቀን ላይ ስልክ አያነሱም፤ ይህ አንዳንዴ ያስጨንቃል። ግድግዳው የተቦረቦረበትን ቦታ በሲሚንቶ ደፍነዋል፣ ቀለም ግን የእኛ ሥራ ነበር። ይህን ቀድመው ስለነገሩን ቅር አላለንም።

እሳቸውን ባታገኙም፣ ለምትጠሩት ባለሙያ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ ስትጨርስ የየመስመሩን ልኬት በወረቀት ትሰጠኛለህ? በሉት። በደስታ እሺ የሚል ሰው መለኪያ አለው፣ ሥራውንም ለማሳየት አይፈራም። «ይሠራል፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ሪፖርታችሁንም በሙሉ አሳዩት፤ ማጠቃለያውን ገጽ ብቻ አይደለም። አርሲዲ ካላችሁ ደግሞ መሞከሪያ ቁልፏን በየጊዜው ተጫኗት። ተጭናችኋት ካልቆረጠ ባለሙያ ጥሩ።

የጋሼን ስልክ ለሚፈልግ ሰው እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። መልእክት ተዉላቸው፤ ማታ ራሳቸው ይደውላሉ።

ጋሼ፣ ያቺ ልጅ አሁን ፎቁ ላይ ትሯሯጣለች። እናቴም እኔም ከልብ እናመሰግንዎታለን። ረዳትዎንም እንዲሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።